ካሊበር ሲቀየር ማሽኑ ላይ ምን ይቀራል?

ጥይት ሲተኮስ የሚወድቀው ቀለህ ሥራውን ጨርሶ የሚጣል ነገር አይደለም። ከጥይቱ ክፍሎች መካከል አብዛኛውን ጊዜ ውዱ እሱ ነው። ደግሞም ደጋግሞ ያገለግላል። ለዚህ ነው ብዙ የዒላማ ተኳሾችና አዳኞች ቀለሁን ሰብስበው የሚያጸዱት፣ ቅርጹን የሚመልሱት፣ እንደገና የሚሞሉት። በብዙ አገር ሕጋዊ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ባሩድና ፕራይመር (ባሩዱን የምታቀጣጥለው) ለመያዝ ፈቃድ የሚያስፈልግበት አገርም አለ፣ ጭራሽ የሚከለከልበትም አለ። ስለዚህ ከመሙያ ማሽኑ በፊት ሕጉን ማየት ነው።

በአንድ ካሊበር፣ ማለትም በአንድ የጥይት ልክና ዓይነት፣ ብቻ የሚሞላ ሰው ሕይወቱ ቀላል ነው። ማሽኑን አንዴ ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ እጁ ሥራውን ይለምደዋል። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛ መሣሪያ ሲጨመር ነው። ትናንት የሽጉጥ ጥይት ሲሠራ የዋለው ማሽን ዛሬ የጠመንጃ ጥይት እንዲሠራ ይፈለጋል። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ጋ የሚጨነቁት "የትኛውን ዕቃ ልግዛ? እንዴት ልግጠም?" ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ትልቁ አደጋ እዚያ ውስጥ የለም። አዲሱን ዕቃ ያልገጠመ ሰው ማሽኑ ራሱ እምቢ ይለዋል። አሮጌውን ያላወጣ ሰው ግን ማሽኑ ዝም ብሎ ይሠራለታል። ዕቃው ውስጥ የቀረ ባሩድ፣ ቱቦ ውስጥ የተረሳች ፕራይመር፣ ጠረጴዛ ጥግ የቀረ የሌላ ካሊበር ቀለህ፦ የሚጎዱት እነዚህ ናቸው።

አንድ ሙሉ ጥይት ከአራት ነገር ይሠራል። ቀለሁ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከናስ ነው። ቀለሁ ግርጌ መሀል ላይ የምትቀመጠው ትንሽ ክዳን መሳይ ነገር ፕራይመር ትባላለች፤ መሣሪያው ሲመታት እሳት የምትሰጠው እሷ ናት። ከዚያ ባሩዱ አለ። አፉ ላይ ደግሞ አረሩ ይሰካል፤ ከመሣሪያው የሚወጣው እሱ ብቻ ነው።

የመሙያ ማሽኑ፣ ባለቤቶቹ ፕሬስ የሚሉት፣ በመሠረቱ ረጅም እጀታ ያለው መጭመቂያ ነው። እጀታው ሲጫን ቀለሁን የያዘው ዘንግ ወደ ላይ ይወጣል። ቀለሁ ከላይ በብሎን ጥርስ የታሰረ የብረት ቅርጽ ውስጥ ይገባል። ይህ ቅርጽ ዳይ ይባላል። አንዱ ዳይ ተተኩሶ የሰፋውን ቀለህ ያጠበዋል፣ ያለቀውን ፕራይመርም በመርፌ ገፍቶ ያስወጣል። ሌላው የቀለሁን አፍ በትንሹ ይከፍታል። ሌላው አረሩን በልኩ ያስቀምጣል። የመጨረሻው አፉን ይጨብጣል። ካሊበር መቀየር ማለት እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰንሰለት በሌላ ልክ መተካት ነው።

ቁጥሩን አትመኑ

ከሁሉ በፊት ስሙ ራሱ ያሳስታል። ሰው ካሊበርን እንደ ጫማ ቁጥር ያየዋል። ቁጥሩ አንድ ከሆነ የሚገባ ይመስለዋል። እውነታው ሌላ ነው።

.38 ስፔሻል የሚባለው ጥይት አረሩ 0.38 ኢንች አይደለም፤ 0.357 ኢንች ነው፣ ወደ 9.07 ሚሊ ሜትር። ከ.357 ማግነም ጋር አንድ አረር ይጋራሉ። "9 ሚሊ ሜትር" የሚባሉትም አንድ አይደሉም። የሉገሩ አረር 9.01 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የማካሮቩ ወደ 9.27 ይጠጋል። ቀለሃቸውም በቁመት ይለያያል። ወደ 7.62 ስንመጣ ደግሞ 7.62 በ51 የሚባለው 7.82 ሚሊ ሜትር አረር ይወስዳል፤ የክላሽኑ 7.62 በ39 ግን ወደ 7.9 ይሰፋል። የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ምንም ላይመስል ይችላል። አፈሙዝ ውስጥ ግን ብዙ ነው።

ስለዚህ ዳይም ሆነ አረር ሲገዛ ሙሉ ስሙ ነው የሚታየው። "ዘጠኝ ሚሊ አለህ?" ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም።

ቀለሁን የሚይዘው

ዘንጉ ጫፍ ላይ ቀለሁን በግርጌው የሚቆነጥጥ ትንሽ ብረት አለ። ሼል ሆልደር ይባላል። ባለ ብዙ ጣቢያ ማሽን ላይ፣ በአንድ ምት ብዙ ቀለህ ላይ በሚሠራው፣ ክብ ሰሃን ሆኖ ይመጣል፤ ያኔ ሼል ፕሌት ይሉታል። ልኩ የሚወሰነው በአረሩ ስፋት ሳይሆን በቀለሁ ግርጌ ነው። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ብዙ ካሊበሮች አንድ ግርጌ ይጋራሉና። .308፣ .30-06፣ .243 እና .270 ሁሉም በአንድ ሼል ሆልደር ይሠራሉ። የሽጉጡ .45 ኤሲፒ እንኳ ከእነሱ ጋር ይገባል። የጠመንጃና የሽጉጥ ጥይት አንድ መያዣ ይጋራሉ ሲባል መጀመሪያ የሚያምን ጥቂት ነው።

ግን እዚሁ ላይ ወጥመድም አለ። መያዣው ካልተቀየረ "ገብቷል፣ ልክ ነው" የሚል ስሜት ይሰጣል። .223 ሬሚንግተንና 300 ብላክአውት ግርጌያቸው አንድ ነው። ብላክአውቱ እንዲያውም ከ.223 ቀለህ ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል። መያዣው አንድ፣ የፕራይመሩ ልክ አንድ፣ የጠመንጃው ካዝና እንኳ አንድ። አረሩ ግን የአንደኛው 5.7 ሚሊ ሜትር፣ የሌላኛው 7.8 ነው። ባሩዱም ፍጹም የተለየ ነው። በዚህ ዓለም ውስጥ እንደ እነዚህ ሁለቱ ተመሳስለው የሚያስፈሩ ጥንዶች የሉም ብል አላጋነንኩም። የብላክአውት ጥይት በስህተት .223 ጠመንጃ ውስጥ ከጎረሰና ከተተኮሰ፣ አረሩ መውጫ የለውም። ጠመንጃው ይፈነዳል። ሁለቱንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሞላ ሰው የአንዱ ዕቃ ተጠርጎ ሳያልቅ የሌላውን ሳጥን መክፈት የለበትም።

ባለ ሰሃኑ ማሽን ላይ አንድ ትንሽ የእጅ ሥራ አለ። ሰሃኑ መሀል ላይ በብሎን ይታሰራል። ብሎኑ ከጠበቀ ሰሃኑ አይዞርም። ከላላ ደግሞ ሰሃኑ ይወዛወዛል፤ ያኔ ፕራይመር ተንጋዳ ትገባለች፣ ባሩድም ከቀለሁ ይዘላል። የሚደረገው ሰሃኑ እስኪይዝ ማጥበቅ፣ ከዚያ በነፃነት እስኪዞር ትንሽ መመለስ፣ ከዚያ በጎን ባለችው ትንሽ ብሎን መቆለፍ ነው። ይህቺን የጎን ብሎን የሚረሳ ሰው ጥቂት ጥይት ከሠራ በኋላ ሰሃኑ ሲላላ ያያል። ከዚያ ሌላ ቦታ ጥፋት ሲፈልግ ይውላል።

ዳዮቹ

አብዛኛው ዳይ በአንድ የጥርስ ልክ ነው የሚሠራው። ስፋቱ ሰባት ስምንተኛ ኢንች ነው፤ በየኢንቹ 14 ጥርስ። ስለዚህ የአንዱ አምራች ዳይ የሌላው ማሽን ላይ ይሠራል፦ የአርሲቢኤስ ዳይ የሆርናዲ ማሽን ላይ ይገባል፣ የሊው የዲሎን ላይ። ለየት ያሉም አሉ። የዲሎን ስኩዌር ዲል የሚባለው የራሱን ዳይ ብቻ ነው የሚቀበለው። ለትልቁ የ.50 ቢኤምጂ ጥይት የሚሆኑት ደግሞ ወፍራም ስለሆኑ ተራው ማሽን አይዛቸውም።

ዳይ ሲገጠም ጥልቀቱ ነው ሥራው። አጥባቂው ዳይ ብዙ ጊዜ ዘንጉ ከፍ ብሎ ሳለ ሼል ሆልደሩን እስኪነካ ይወርዳል። ውስጡ የካርባይድ ቀለበት ካለው ግን በኃይል አይገፋም። ካርባይድ ጠንካራ ነው፤ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። አፍ ከፋቹ ዳይ የሚወርደው አረሩ ሳይላጥ እንዲቀመጥ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከከፈተ ናሱ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ዳዩን የሚይዘው ቀለበት ይጠብቃል። የሚጠብቀው ቀለህ ዳዩ ውስጥ እንዳለ ቢሆን ይመረጣል፣ ዳዩ መሀሉን እንዲይዝ። ቀለበቱ አንዴ ከታሰረ አይነካም። ካሊበር በተቀየረ ቁጥር ዳዩን ከነቀለበቱ ፈትቶ ከነቀለበቱ መመለስ ነው። ልኩ ያኔ እንዳለ ይቆያል፤ ቢሆንም በካሊፐር (ቀጭን ልክ በሚለካው መለኪያ) ማረጋገጥ ግድ ነው።

አረር አስቀማጩን ዳይ ለማስተካከል ከሁሉ የሚያግዘው የሙከራ ጥይት ነው። ባሩድ የለው፣ ፕራይመር የለው፤ ቀለህና አረር ብቻ፣ በትክክለኛ ቁመት የተሠራ። ጎኑ በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ ከእውነተኛው እንዳይምታታ። ይህ የዳዩ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ካሊበሩ ሲመለስ የሙከራ ጥይቱ ዘንጉ ላይ ይወጣል፤ የዳዩ መግፊያ አረሩን እስኪነካው ይወርዳል። አለቀ። ልኩ ተመለሰ። ግን ለአንድ የአረር ዓይነት ብቻ ነው የሚያገለግለው። የአረሩ አፍንጫ ቅርጽ ከተለወጠ ቁመቱም ይለወጣል፤ ለእሱ ሌላ የሙከራ ጥይት መሥራት ያስፈልጋል።

አፍ መጨበጡ ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ፤ ልዩነቱም ለጌጥ አይደለም። ግርጌው ላይ ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር የሌለው የሽጉጥ ቀለህ፣ ለምሳሌ 9 ሚሊ ሉገርና .45 ኤሲፒ፣ መሣሪያው ውስጥ የሚቆመው በአፉ ጠርዝ ነው። አፉ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ መቆሚያ ያጣል። ስለዚህ በስሱ ነው የሚጠበው። የሪቮልቨሩ (ጥይቱ በሚዞር ከበሮ የሚቀመጥበት ሽጉጥ) .38ና .357 ግን ግርጌያቸው ላይ ባለው ከንፈር ነው የሚቆሙት። አፋቸው ቢጠቀለል ችግር የለም። እንዲያውም ሪቮልቨር ሲተኮስ ያልተተኮሱት ጥይቶች ስለሚናጡ አረራቸው እንዳይወጣ መጠቅለሉ ይፈለጋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞር ሰው የጨባጩን ዳይ ዓይነት ማየት አለበት።

ፕራይመር፦ ትንሽና ትልቅ

ፕራይመር በስፋት በአብዛኛው ሁለት ልክ አላት። ትንሿ 4.45 ሚሊ ሜትር፣ ትልቋ 5.33 ገደማ። ካሊበሩ ሲቀየር የፕራይመሩ ልክ ከተቀየረ የማሽኑ የፕራይመር ክፍል አብሮ ይቀየራል፦ ቱቦው፣ መግፊያው፣ ተቀባዩ። ባለ ብዙ ጣቢያ ማሽን ላይ ከሁሉ የሚያሰለቸው ሥራ ይሄ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ሥራውን በፕራይመር ልክ ነው የሚደረድረው። ትንሿን የሚወስዱትን ሁሉ በተከታታይ ይጨርሳል፤ ከዚያ አንዴ ብቻ ወደ ትልቋ ይዞራል። 9 ሚሊ ሉገር፣ .38፣ .223 የትንሿ ናቸው። .308ና .30-06 የትልቋ ናቸው።

ስፋት ብቻ አይደለም ግን። የጠመንጃና የሽጉጥ ፕራይመር በስፋት አንድ ሆነው በብረታቸው ውፍረትና በእሳታቸው ኃይል ይለያያሉ። ትልቁ የጠመንጃ ፕራይመር በቁመትም ከሽጉጡ ይበልጣል። ትንሾቹ በቁመት ስለሚመሳሰሉ ነው የሚምታቱት፤ ማሽኑም አይለያቸውም። ስለዚህ የፕራይመር ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አንድ ብቻ።

.45 ኤሲፒ ደግሞ የራሱ ቅሌት አለው። በቀድሞ ልማዱ ትልቋን ፕራይመር ነበር የሚወስደው። አሁን ግን ትንሿን የሚወስድ ቀለህም ይመረታል። ሁለቱ ከውጭ አንድ ይመስላሉ። ተቀላቅለው ከገቡ ማሽኑ ትልቋን ፕራይመር ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ለመክተት ይታገላል። እጀታው በድንገት ከከበደ መግፋት አይደለም፤ ማቆም ነው። ፕራይመር በኃይል ከተጨመቀች ትፈነዳለች፤ ቱቦው ሙሉ ከሆነ እሳቱ ወደ ሌሎቹ ሊዘልቅ ይችላል። መነጽር ማድረግ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አንዳንድ ቀለህ ደግሞ ጭራሽ በዚህ ማሽን አይሠራም። ግርጌው ውስጥ አንድ ቀዳዳ መሀል ላይ ካለ የቦክሰር ሥርዓት ነው፤ የዳዩ መርፌ በዚያ ገብታ ፕራይመሯን ትገፋለች። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ጎን ለጎን ካለ የበርዳን ነው፤ መርፌዋ መሀሉን ስትመታ ትሰበራለች። ሁለቱም የመጡት በ1866 እ.ኤ.አ. ነው። ቦክሰር እንግሊዛዊ፣ በርዳን አሜሪካዊ። የሚገርመው አሜሪካ የእንግሊዛዊውን ወሰደች፤ ብዙ የአውሮፓ ጦር ደግሞ የአሜሪካዊውን።

ባሩድ

አሁን ወደ ዋናው። ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም። የሽጉጥ አፈሙዝ አጭር ስለሆነ ባሩዱ ቶሎ ነድዶ ማለቅ አለበት። የትልቅ ጠመንጃ ባሩድ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው፤ ከባድ አረር ረጅም መንገድ እንዲገፋ። ቶሎ የሚነደውን ወስዶ የጠመንጃ ቀለህ ሙሉ ማድረግ ማለት ጠመንጃው ሊችለው የማይችል ግፊት በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው። ተኳሹም አጠገቡ ያለውም ይጎዳል።

ባሩድ በዓይን አይለይም። ግራጫ ስስ ቁራጭ፣ ግራጫ ኳስ፣ ግራጫ ጭረት፤ ብዙዎቹ ወንድማማች ይመስላሉ። ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ የሚታወቀው ማን እንደጨመረው በማስታወስ ሳይሆን ቆርቆሮው አጠገቡ በመኖሩ ነው። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ጠረጴዛ ላይ አንድ የባሩድ ቆርቆሮ ብቻ። ሥራው ሲያልቅ ባሩዱ ወደ ራሱ ቆርቆሮ ይመለሳል። ማሽኑ ላይ አያድርም። ምንነቱ የተረሳ ባሩድ ከተገኘ አይገመትም፣ ከሌላ ጋርም አይቀላቀልም። አይሠራበትም፣ በቃ።

ማራገፉም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዕቃውን ገልብጦ ማፍሰስ አይበቃም። መስፈሪያው ውስጥ፣ ከበሮው ወይም ተንሸራታቹ ጋ፣ ሁልጊዜ ጥቂት ይቀራል። እጀታው ደጋግሞ መመታት አለበት፣ ምንም እስከማይወርድ። ከዚያ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ማየት ነው። ባሩዱን ወደ ቀለሁ የሚያወርደው ቱቦም ለየካሊበሩ የተለየ ነው። ብዙ ማሽን ላይ አፉን የሚከፍተውም እሱው ስለሆነ፣ ሲቀየር ውስጡ ይጠረጋል።

መጠኑ ከባሩድ አምራቹ ወይም ከአረር አምራቹ የታተመ መጽሐፍ ብቻ ነው የሚወሰደው። ልኩ በግሬይን ነው፤ 1 ግሬይን ወደ 0.065 ግራም ነው፣ 7000ው አንድ ፓውንድ ይሆናል። እንዲህ በቀጭኑ የሚለካ ነገር ላይ ከጓደኛ የሰሙትን ቁጥር መጠቀም ደፋርነት አይባልም። መስፈሪያው አዲሱን ባሩድ ከተቀበለ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ልኮች ሚዛን ላይ አይረጉም፤ ባሩዱ እስኪረጋ ጥቂቱን እያወረዱ ወደ ዕቃው መመለስ ነው። ከዚያ ሚዛኑ ተከታታይ ልክ ሲሰጥ ብቻ ሥራው ይጀመራል።

ግፊቱ ምን ያህል እንደሚለያይ ለመረዳት .38 ስፔሻልንና .357 ማግነምን ማየት ይበቃል። ሼል ሆልደራቸው አንድ፣ ዳያቸው አንድ፣ አረራቸው አንድ። የሚለያዩት በቀለህ ቁመት ነው፦ 29.3 እና 32.8 ሚሊ ሜትር። የአሜሪካው የጥይት አምራቾች ማኅበር ሳሚ ያስቀመጠው ከፍተኛ ግፊት ግን ለ.38 በካሬ ኢንች 17,000 ፓውንድ ሲሆን ለ.357 35,000 ነው። እጥፍ። ቀለሁ ረዘም ያለውም ሆን ተብሎ ነው፣ ብርቱው ጥይት በደካማው ሪቮልቨር እንዳይገባ። ቤት ውስጥ የሚሞላ ሰው ግን የማግነሙን ልክ አጭሩ ቀለህ ውስጥ ካስገባ ያን መከላከያ ራሱ ሰበረው ማለት ነው። በማሽኑ በኩል ለውጡ ትንሽ ነው፤ አፍ ከፋቹ፣ አስቀማጩና ጨባጩ ለቁመቱ ልዩነት ከፍ ይላሉ። የባሩድ መስፈሪያው ግን ከባዶ ይስተካከላል።

እጅም ያስታውሳል

ካለፈው ካሊበር የሚቀረው ዕቃ ብቻ አይደለም። ልማድም ይቀራል፤ ይሄ ብዙም አይነገርም።

ቀጥ ያለ የሽጉጥ ቀለህ በካርባይድ ዳይ ያለ ቅባት ይጠባል። ወራት በዚህ የሠራ ሰው አንገት ያለው የጠመንጃ ቀለህ ሲይዝ ቅባቱን ይረሳል። ቀለሁ ዳዩ ውስጥ ይነክሳል። እጀታው ሲወርድ ግርጌው ይቀደዳል፣ አካሉ እዚያው ይቀራል። ማውጣቱ ግርጌውን መሰርሰር፣ የብሎን ጥርስ መቅረጽ፣ በብሎን መሳብ ነው። የጠመንጃ ዳይ ሲገጠም ቅባቱ ከዳዩ ጋር በአንድ ሳጥን ቢቀመጥ ይሄ አይደርስም።

የጠመንጃው አንገት ሌላ ጠባይም አለው። ቀለሁ መሣሪያው ውስጥ የሚቆመው በትከሻው ነው። ዳዩ ትከሻውን ብዙ ወደ ኋላ ከገፋው ቀለሁ በተተኮሰ ቁጥር ይሳባል፣ ከጊዜ በኋላም ግርጌው አካባቢ ይበጠሳል። በቦልት፣ ማለትም በእጅ በሚጎተት መቆለፊያ፣ ለሚሠራ ጠመንጃ ትከሻው በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጠር፣ 0.05 ገደማ ብቻ ቢገፋ ይበቃል። የሽጉጥ ሰው ይህን አያውቀውም፤ የእሱ ቀለህ ትከሻ የለውም።

በተቃራኒው ከጠመንጃ ወደ ሽጉጥ የሚመጣ ሰው የሚረሳው ሌላ ነው። .223 ቀለህ ውስጥ የተለመደ ባሩድ ቀለሁን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሁለት ጊዜ ቢወርድ ይፈስሳል፣ ይታያል። የሽጉጥ ባሩድ ግን ብዙ ጊዜ ከቀለሁ ግማሽ እንኳ አይደርስም። እጥፍ ቢወርድም ይገባል፤ አረር ይቀመጥበታል፤ ከውጭ ጤነኛ ጥይት ይመስላል። ጭራሽ ያልወረደበትም እንዲሁ። ባዶው ሲተኮስ የፕራይመሯ ኃይል ብቻ አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ወትፎ ይተወዋል፤ ቀጣዩ ጥይት ሲከተል አፈሙዙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሽጉጥ ሲሞላ አረሩ ከመቀመጡ በፊት ዓይን እያንዳንዱ ቀለህ ውስጥ ማየት አለበት። መብራቱ ከማሽኑ በላይ ይሁን። ወሬ፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ይቆይ።

ቀለሆቹም ራሳቸው ይምታታሉ። የ9 ሚሊ ቀለህ .40 ውስጥ ይገባል፤ .40ው .45 ውስጥ። አንድ ላይ ሲታጠቡ ይሰካካሉ። .380 አውቶ ከ9 ሚሊ ሉገር ጋር ሲቀላቀል ዓይን የሚያልፈው በቀላሉ ነው፤ ቁመቱ 17 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሉገሩ 19 ነው። ካሊበር ሲቀየር የድሮው ቀለህ ባልዲ ከጠረጴዛው ብቻ ሳይሆን ከክፍሉ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

የትኛው ማሽን ይቀላል?

ነጠላ ጣቢያ ያለው ማሽን ላይ መቀየር ቀላል ነው፦ ሼል ሆልደር፣ ዳይ፣ አስፈላጊ ከሆነ የፕራይመር ጽዋ። ቀስ ይላል፤ ግን የሚረሳ ነገር ጥቂት ነው። ቱሬት የሚባለው ዳዮቹ ሁሉ በአንድ የሚዞር ራስ ላይ ተስተካክለው የሚቀመጡበት ነው። ራሱ ብቻ ይነሳል፣ ሌላ ይተካል። ባለ ብዙ ጣቢያዎቹ፣ እንደ ዲሎን 550 እና 750 ያሉት፣ በእያንዳንዱ የእጀታ ምት ሁሉንም ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ለእነሱ የካሊበር መቀየሪያው ዕቃ ሰሃኑን፣ ቀለሁን በቦታው የሚይዙ ትንንሽ ቁልፎችንና የባሩድ ቱቦውን ይይዛል። ዳዮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው ብረት ተንሸራቶ ይወጣል።

እዚህ ላይ ገንዘብ ካለ የት ይውጣ? ለየካሊበሩ የየራሱ የላይኛው ብረት ቢገዛ ይሻላል። የባሩድ መስፈሪያውም በላዩ እንደተስተካከለ ቢቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ጊዜ የሚፈጀው መፍታትና መግጠም ሳይሆን እንደገና ማስተካከል ነው፤ ስህተትም የሚገባው እዚያ ነው። በየወሩ ጥቂት ጥይት ብቻ ለሚያስፈልግ ጠመንጃ ግን ባለ ብዙ ጣቢያውን መንካት አያዋጣም። ትንሽ ነጠላ ማሽን ጎኑ ማስቀመጥ ነው። ትልቁ ማሽን አንድ ካሊበር ላይ ይኑር፤ ትንሹ የተቀረውን ይሥራ።

ማሽኑ ተቀይሮ ሲያበቃ መጀመሪያ የሚሠራው አንድ ጥይት ነው፣ አንድ ቀለህ ብቻ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየሄደ። ይቆማል፣ ይለካል። ባሩዱ ይመዘናል። ቁመቱ በካሊፐር ይታያል። መለኪያ ቀዳዳ ካለ እዚያ ይገባል፤ ከሌለ ከመሣሪያው በተፈታ አፈሙዝ ውስጥ ይጣላል። ቶክ ብሎ ከገባና ሲገለበጥ በራሱ ከወጣ ልኩ ደህና ነው። ካልወጣ አፉ በደንብ አልተጨበጠም ወይም አረሩ ረዝሟል። ከዚያ ጥቂት እንደዚሁ ይሠራሉ፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ከእነሱ በኋላ ነው።

የተሠራው ሳጥን ላይ የሚጻፈው ካሊበሩ፣ የአረሩ ክብደትና ዓይነት፣ የባሩዱ ስምና መጠን፣ ፕራይመሯ፣ ቁመቱና ቀኑ ነው። ጠረጴዛው ሲጠረግ ጽሑፍ የሌለው ነጠላ ጥይት ከተገኘ ሳጥን ውስጥ አይወረወርም። መዶሻ በሚመስለው ማውጫ አረሩ ይነቀላል፣ ባሩዱ ይጣላል፣ ቀለሁም ፕራይመሯ እንዳለች መሆኑ ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጣል።